እስከ ሁምቦ የመራችው እንግዳ

ሩት ሚልክያስ ቤተሰብ የምታስጎበኝበት የራሷ አሠራር አላት። በሶዶ የአስጎብኚዎች ማኅበር ያሉት ሌሎቹ የተራራ ቁመትና የነገሥታት ስም ሲያጠኑ፣ እሷ ልጅ ያለው እንግዳ ሊመጣ ሲል ከአንድ ቀን በፊት ሄዳ መንገዱን ትራመደዋለች። ጥላ ያለው ዛፍ የቱ ጋ እንደሆነ፣ የትኛው ቤት ሽንት ቤቱን እንደሚያስጠቅም፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳያለቅስ ስንት ደቂቃ ዳገት እንደሚወጣ ታውቃለች። የማታውቀው ወሬ ማሳመር ነው። ሾፌሩ መልአኩ «ሩት እንግዳ የምታስጎበኘው በጣቷ ነው፤ አሳይታ ዝም ነው» እያለ ያሾፍባታል።

በነሐሴ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ሦስት እንግዶች መጡ። ማኅሌት የምትባል የባንክ ሠራተኛ፣ የስድስት ዓመት ልጇ ሣራ፣ እና የማኅሌት ታናሽ ወንድም ጦና። ጦና የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው።

ስሙን በስልክ ስትሰማ የአገር ልጅ መስሏት ነበር። እንግዳ ማረፊያው በር ላይ «ሳሮ» ብላ በወላይትኛ ሰላምታዋን ስታከታትል፣ ረጅሙ ወጣት እስከ ጆሮው ቀላ።

«ስሙ ብቻ ነው የወላይታ» አለች ማኅሌት እየሳቀች። «አባታችን የዚህ አገር ሰው ነበር። ይኼ አራት ዓመቱ እያለ ሞተ። እናታችን የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ከየት አምጥታ ታስተምረን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሩት።

«አንተ ብትዪኝ ነው ይቅር የምልሽ» አላት ጦና።

አንተ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀባት።

*

የተያዘው ለሦስት ቀን ነበር። መጀመሪያ ቀን የዳሞታን ተራራ እግር ብቻ ወጡ፣ ሣራ እስከምትችለው። ጭጋጉ ሲገለጥ ሶዶ ከነቆርቆሮዋ ከታች ታየች፤ ከዚያም ወዲያ፣ በጣም ርቆ፣ አባያ ሐይቅ እንደ ደበዘዘ መስመር።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ጦና።

ሩት በጣቷ አሳየችና ዝም አለች። ከዚያ ዝም ማለቷ ለራሷ ታወቃትና «አባያ» አለች። ቀና ስትል እሱ ሐይቁን እያየ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ያዛቸው። በሦስተኛው ቀን ጦና «ሣራ ገና አልጠገበችም» ብሎ አራት ቀን አስጨመረ።

«ጠግቤያለሁ!» አለች ሣራ።

«አልጠገብሽም፤ ዝም በይ።»

ዳሞታን ድጋሚ አዩ። ገበያውን ድጋሚ አዩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመንገድ ዳር እሸት በቆሎ እያስጠበሱ ቆመው፣ ሩት በሕይወቷ ለማንም ያልነገረችውን፣ ልጅ ሳለች በእንግዳ ፊት መናገር ስለምትፈራ አልጋ ሥር ትደበቅ እንደነበር ነገረችው። ጦና አልሳቀም። በቆሎውን ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ሰጣት።

መልአኩ በመስታወቱ ያያቸዋል። «ሩትዬ» አላት አንድ ጠዋት ጎማ እያየ፣ «እኔ ስድስት ዓመት አብሬሽ ስሠራ ከሰማሁት ወሬ የዚህ ሳምንቱ በለጠ። አንደበትሽን ማን ፈታው?»

«ጎማህን እይ» አለችው።

*

በአምስተኛው ቀን አጆራ ፏፏቴ ሄዱ። ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ ገደሉ ይወረወራሉ፤ በነሐሴ ድምፃቸው ሰው አያነጋግርም። ሩት ለገደሉ አፋፍ ሕግ አላት፦ ልጅ ከሁለት ሰው መሃል ይቆማል፣ ሁለቱም እጁ ይያዛል። ማኅሌት ከፍታ ስለምትፈራ ርቃ ቀረች። ስለዚህ የሣራን አንድ እጅ ሩት፣ አንዱን ጦና ያዙ።

ጦና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን?» አለች ሩት።

ደገመው። ውኃው ዋጠው።

«አይሰማም!»

«እወድሻለሁ ነው የምልሽ!» ብሎ ጮኸ።

«ማንን?» አለች ሣራ ቀና ብላ።

ሩት ወደ ገደሉ አየች። ፊቷ ላይ ያረፈውን የፏፏቴ ነጠብጣብ አልጠረገችም። ወደ ኋላ ተመልሰው ድምፁ ሲቀንስ ነው አፏን የከፈተችው።

«አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ሥራዬን?»

«አይደለም።»

«ሃይማኖቴን?»

«እሱን ሁለተኛ ይጠይቅሃል። መጀመሪያ የሚጠይቅህ ጎሳህን ነው።»

ጦና ጎሳውን አያውቅም። ማኅሌትም አታውቅም። ሩት ቀስ ብላ አስረዳችው። ጎሳ በአባት ነው የሚወረሰው። የአንድ ጎሳ ልጆች፣ ተያይተው ባያውቁም፣ አንዱ በወላይታ ደቡብ ሁምቦ፣ አንዱ በሰሜን ቦሎሶ ቢወለድም፣ እህትና ወንድም ናቸው። እህትና ወንድም አይጋቡም። ጎሳውን የማያውቅ ሰው የላከውን ሽማግሌ ደግሞ ማንም ቤት አያስገባም።

«ስንት ጎሳ አለ?»

«ከሁለት መቶ በላይ ይባላል።»

የሒሳብ መምህሩ ሳቀ። «ከሁለት መቶ አንድ! ሩት፣ በዚህ ዕድል እኮ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ መንገድ ይሻገራል። ያንቺ ምንድን ነው?»

«አልነግርህም። ያንን እንዳትሆን ስትጸልይ እንቅልፍ ታጣለህ።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። እሺ ማለቷ እንደሆነ ገባው።

*

የሰባተኛው ቀን ፕሮግራም ፍል ውኃ ነበር። ሩት ሰረዘችው። በጦና መታወቂያ ላይ ያለው ሦስተኛ ስም አንጁሎ ነው፤ ማኅሌት ደግሞ አባቷ ስለ ሁምቦ ሲያወራ ትዝ ይላታል። ሩት በዚያ የሚያገለግሉ ሁለት ወንጌላውያን ዘንድ ደወለች። እነሱ ደግሞ ሌላ ሰው ዘንድ ደወሉ። በማግስቱ ተገኘ፤ የአንጁሎ ታናሽ ልጅ፣ የጦና አባት የኤርካሎ ወንድም፣ አባ ሳና፣ በሕይወት አሉ።

የቆላው ሙቀት መኪናው ውስጥ ገባ። ኮረብታዎቹን የሸፈኑት ዛፎች ገና ወጣቶች ናቸው። ጦና አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሣራ «ሰርግ ነው የምንሄደው?» ብላ ስትጠይቅ መልአኩ «ገና ነው፣ ትደርሻለሽ» አላት።

አባ ሳና በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡና የጦናን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ኤርካሎ» አሉ።

ማኅሌት አለቀሰች። የሠላሳ ዓመት ለቅሶ ነበር የሚመስለው። ሴቶቹ ከየጓዳው ወጥተው አቀፏት፤ ሣራን የማታውቃቸው አክስቶች ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሏት። ሩት ከሽማግሌው ወላይትኛ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ አማርኛ ወደ ሽማግሌው እየተረጎመች መሃል ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር። እሷ ናት ያገኘቻቸው።

«ጎሳችንን ጠይቂልኝ» አላት ጦና በሹክሹክታ።

ጠየቀች። አባ ሳና መልሱን በቆሎ እየፈለፈሉ፣ እንደ ቀላል ነገር ተናገሩት።

«ሂዚያ።»

ሂዚያ የሩት የአባቷ ጎሳ ነው። የአያቷም፣ የቅድመ አያቷም።

«ምን አሉ?» አለ ጦና።

ከሁለት መቶ በላይ ስም አለ። ከእነዚያ አንዱን ማንሳት ትችላለች። ጦና አያውቅም፣ ማኅሌት አታውቅም። ሶዶ ተወልዶ ያደገው፣ ጎሳዋንም የሚያውቀው መልአኩ ብቻ ሰምቷል፤ የመኪናውን በር ተደግፎ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ያያታል፤ እሱም ቢሆን አይናገርባትም። ግን ሽማግሌ ሲላክ ነገሩ ተመልሶ የሚጣራው እዚሁ በረንዳ ላይ ነው። ደግሞም ሩት በሥራዋ ሁሉ ከሰው አፍ የወጣ ቃል ለውጣ ተርጉማ አታውቅም፤ እንዴት እንደሚደረግም አልመጣላትም።

«ሂዚያ ነን ይላሉ» አለች።

«ሂዚያ» አለ ጦና። አጣጣመው። «ሂዚያ። ጥሩ ነው አይደል?»

አባ ሳና ወደ ሩት ዞሩ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ፣ ከየትኛው ጎሳ ነሽ አሏት። የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ጎሳዋን ስትጠራ ድምፅዋ እንደማይሰማ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሰሙ። በቆሎው ከጭናቸው ተበተነ። ያላቸው አማርኛ ጥቂት ነበር፤ ያቺኑ ጥቂቷን አወጧት።

«እህትህ ነው!» አሉት ጦናን፣ እጁን ይዘው በእጇ ላይ እያስቀመጡ። «እህትህ ነው ያመጣህ!»

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ጦና መጀመሪያ ከሁሉም ጋር ሳቀ። ከዚያ የሩትን ፊት አየ።

*

ሲመለሱ ሣራ ሽንቴ መጣ አለችና መልአኩ ኮረብታው ሥር አቆመ። ማኅሌት ልጇን ይዛ ወረደች። መልአኩ ሞተሩን ከፍቶ ምንም ያልተበላሸ ነገር መመርመር ጀመረ።

«ሩት፣ አያቶቻችን እንኳ አይተዋወቁም» አለ ጦና።

«አዎ።»

«ጠዋት በዚህች መንገድ ስንመጣ ወንድምሽ ነበርኩ?»

«ነበርክ። አላወቅንም።»

«አዲስ አበባ ማንም አይጠይቅም። ማንም!»

«አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው» አለች። ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፣ መንገድ እንደምታስረዳ። «እህትና ወንድም ተጋቡ ከተባለ ደጃችንን የሚረግጥ የለም። እናቴ ገበያ አትወጣም። ከእኔ በታች ሦስት እህቶች አሉኝ፤ ማን ይጠይቃቸዋል?»

«አንቺስ?»

«እኔማ» አለች። እስከ ዛሬ ያላለችውን ቃል አሁን ማለቷ እንደማይጠቅም ታውቃለች። «እኔማ እወድሃለሁ። ምን ላድርገው?»

ጦና ጀርባውን ሰጣት። ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበት ነበር።

«አንድ ጊዜ ንገሪው» አላት። «ለአባትሽ አንድ ጊዜ ንገሪው። እምቢ ካለ እሄዳለሁ።»

«እነግረዋለሁ» አለች።

ከዚያ እስከ ሶዶ ዐረፍተ ነገሩን አዘጋጀች። አባዬ፣ ሰው ወድጃለሁ። አባዬ፣ ሰው ወድጃለሁ፤ ጎሳው ግን።

*

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ኮቱን ለብሷል።

«አባዬ፣ የምነግርህ…»

«ደውለውልኛል!» አላት። «አባ ሳና ራሳቸው ናቸው የደወሉት። የጠፋ ልጃችንን ልጅህ መልሳ አመጣችልን አሉኝ። ሩት፣ የገዛ ወንድምሽን እንግዳ ማረፊያ አስተኝተሽ እኔ እዚህ እተኛለሁ? ሰው ምን ይለናል?»

«አባዬ፣ ስለሱ…»

«አራት ሴት ሰጠኝ፤ አመሰገንኩ፤ አንድም ቀን አጉረምርሜ አላውቅም። ታውቂያለሽ።» ዐይኑ ረጥቧል። «አሁን በስተርጅና ወንድ ልጅ በመኪና አመጣልኝ። በይ ሂጂ ጥሪው፣ እናትሽ ሥጋ እየከተፈች ነው።»

ሩት አባቷን አየችው። ያዘጋጀችው ዐረፍተ ነገር አፏ ውስጥ ነበር። ቦታ ግን አልነበረውም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ተመልሳ ወጣች።

ጦና ሲያያት ሳትናገር ገባው። ሸሚዙን ቀይሮ፣ ከእህቱና ከልጇ ጋር ተከትሏት መጣ።

ከአባቷ ቀኝ አስቀመጡት። እናቷ ሥጋውን አቀረበች፤ አጠገቡም ዓይን የሚያነድ ዳጣ፣ በርበሬው አዲስ የተፈጨ። እህቶቿ ከጓዳ ተጋፍተው ያዩታል፤ ትንሿ «ኢሻ፣ ውኃ ላምጣልህ?» ብላ ወንድሜ አለችው፣ እንደዚህ በቀላሉ።

«ለሩት ሽማግሌ ሲመጣ» አለው አባቷ፣ ትከሻውን ይዞ፣ «እስከ ዛሬ ብቻዬን ነው የምቀመጠው ብዬ ነበር። አሁን ከጎኔ አንተ ነህ። መርምረህ፣ ጠይቀህ፣ የሚሆናትን አንተ ትነግረኛለህ። ወንድም ለዚህ ነው።»

ጦና ሥጋውን ዳጣው ውስጥ ነከረና ጎረሰ። እንባው ወረደ።

አባቷ ሳቀ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። «የአዲስ አበባ ልጅ! ዳጣ አስለቀሰህ! ውኃ ስጡት!»

«ደህና ነኝ» አለ ጦና። «ጥሩ ነው።» አሁንም ነከረ፣ ከመጀመሪያው አብዝቶ። ሩት እንጀራውን እያየች ተቀመጠች። መሳቅ ያልቻለች እሷ ብቻ ነበረች፤ ማኅሌት ቀስ ብላ በጠረጴዛው ሥር እጇን ያዘቻት። መቼ እንደገባት አይታወቅም።

*

አሁን ጦና በየእሑዱ ከአምልኮ በኋላ ይደውላል። የሚደውለው ለአባቷ ነው። አባቷ ስለ ጤናው፣ ስለ ተማሪዎቹ፣ ወላይትኛ ስለ መማሩ ይጠይቀዋል፤ ያርመዋል፤ ይስቃል። በመጨረሻ ስልኩን ይዘረጋላታል።

«ወንድምሽ ነው፤ አናግሪው።»

ሩት ኔትወርክ ፍለጋ ይመስል ወደ ግቢ ትወጣለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ፣ የበር መዘጋት፣ አንዳንዴ ዝናብ ይሰማታል። ከወዲህ የእሷን ዶሮዎች እሱ ይሰማ ይሆናል። እንዲህ ይቆያሉ፤ ከዚያ መስመሩ ይዘጋል።

«ምን አለሽ?» ይላታል አባቷ ስትገባ፣ ዘወትር።

«ደህና ነኝ አለ» ትለዋለች። በሕይወቷ ያልተነገረ ቃል የምትተረጉመው ያኔ ብቻ ነው።