ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የምትጮኸው መኪና

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ሠረቀብርሃን መሪውን በቡጢ መታው። ከደብረ ብርሃን ገና መውጣቱ ነው፤ የአንኮበር መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ ብቻ።

ሰባት ወር ሙሉ ሊሰልል «ደጀኔ» ተብሎ የብራና ሌቦች ሹፌር ሆኖ ኖሯል። የሌቦቹ ምግብ አብሳይ ወለተሐና ደግሞ የእሱ ጆሮ ናት። የተሰረቀውን ወንጌል ዛሬ ይዛ ትወጣለች። ዐሥር ሰዓት ላይ ጎረቤላ ደርሶ ካልወሰዳት ይገድሏታል።

ሦስት ጋራዥ ገብቷል። አንዱ ፍሬን ነው አለው፤ ሌላው ኩሽኔታ፤ ሦስተኛው «ትለምደዋለህ» ብሎ ሸኘው። በዚህች መኪና ነው እንግዲህ ሰው ይዞ የሚያመልጠው! ከተማው ዳር ወዳለ አራተኛ ጋራዥ ተመለሰ።

ይመኙሻል የምትባል መካኒክ ቱታዋን እንደለበሰች አጠገቡ ገብታ ተቀመጠች። መስኮቱን ከፈተች።

«ስትታጠፍ ትጮሃለች። ቶሎ በይልኝ።»

«አንተ ንዳ፣ እኔ ልስማ።»

ባዶው ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረ። ዝም። ወደ ቀኝ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«ወደ ቀኝ ስትዞር ከጮኸች የግራው ሲቪ ጆይንት ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው መጋጠሚያ።»

በክሪክ አንሥታ ከሥር ገባች። ቆይታ ወጣች።

«ማን ነው የሚጠላህ?»

«ምን አየሽ?»

«የመጋጠሚያውን ግራሶ የሚይዘው የላስቲክ ሽፋን በምላጭ ተቀድዷል። አሸዋ ጨምረውበታል። ዳገት ላይ ይበጠሳል፤ ከዚያ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።»

መኪናዋ ከእጁ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ለስለላ የላከው አለቃው «መምህር»፣ እናቴን ጠበል ላድርሳት ብሎ መኪናዋን ጠየቀው። ሰላይ መኪናውን ለማንም እንደማይሰጥ ያውቃል። ግን ለታመመች እናት፣ ያውም ለጠበል፣ እንዴት እንቢ ይላል? ቁልፉን በሁለት እጁ ነበር የሰጠው። አሁን ራሱን ረገመ።

ለ«መምህር» ደወለ።

«መኪናዋ ችግር አለባት። ሌላ ላክልኝ።»

«ጊዜ የለም። እንዲሁ ሂድ። ቀጭ ቀጭ ማለት ሰው አይገድልም።»

ስለ ድምፁ አልነገረውም ነበር።

«እሺ፣ ወጣሁ» አለና ዘጋ። ቁልፉን ለይመኙሻል ትቶ የጎረቤላ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ።

ዳገቱ ላይ ጉም ወርዷል። ኩርባው ጋ ሁለት ሰዎች ፒካፕ አቁመው ይጠብቃሉ። አንደኛውን ያውቀዋል፤ ከሌቦቹ ነው።

አንገቱን ቀበረ።

ሚኒባሱን ዞር ብለውም አላዩት።

ዐሥር ሰዓት ላይ ወለተሐና ወንጌሉን በነጠላ ጠቅልላ መንገድ ዳር ቆማ ነበር።

«መኪናህስ?»

«ታማለች። ነይ፣ በእግር።»

ወንጌሉን ለተሰረቀበት ደብር ካህናት አስረከቡ። ወለተሐናን እነሱ ደበቋት። በማግሥቱ ሌቦቹ ተያዙ፤ ሸሪካቸው «መምህር» ግን ከመጥፋቱ በፊት የሠረቀብርሃንን ፋይል አቃጥሎ ነበር። ማን መሆኑን የሚያውቅ ሌላ አለቃ የለም። ወለተሐና ብትመሰክርለትም እሷ የምታውቀው ደጀኔ የሚባለውን ሹፌር ነው። የደጀኔ ፎቶ ደግሞ «የሚፈለግ ሌባ» ተብሎ ተለጥፏል። ለሰባት ወር ልፋት የተከፈለው ይኸው ነው፤ ቢናደድ ለማን ይናገራል?

ሸሽቶ በገባባት ደነባ ከተማ ቤት የሚያከራዩ አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

እውነተኛው ስሙ ምላሱ ላይ መጣበት። ዋጠው።

«ገብረመንፈስቅዱስ።»

እናት አባቱ ባወጡለት ስም ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም።