ለሲምቦ የተሠራ አጥሚት

ቀመር ከጎባ ስትነሣ ጨፌ ጉራቻ የምትቆየው ለስድስት ወር ብቻ እንደሆነ ነበር የተነገራት። ጊዜው መስከረም 1980 ነው። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት፣ የቤት ኢኮኖሚክስ ሥልጠናዋን ገና መጨረሷ ነበር። ከዲንሾ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ ስትደርስ ያገኘችው ዓመት ያልሞላው አዲስ መንደር ነው። በየኮረብታው ተራርቀው ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው፣ እንጨቱን ተሸክመው ወርደው፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ መልሰው እንዲሠሩ ተደርገዋል። መቶ ሰማንያ ቤት፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ወገን ያዞረ።

ከመንደሩ ለመውጣት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ለገበያም፣ ለለቅሶም፣ እህት ለመጠየቅም። ጉሙ ደግሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ስለማይገለጥ፣ ሰው ወረቀት ይዞም ቢሆን መንገዱ አይታየውም። ቀመር በሦስተኛው ቀን የዝውውር ማመልከቻ ጻፈች።

ሥራዋ እናቶችን ሰብስቦ የሕፃናትና የሕሙማን ምግብ አሠራር ማስተማር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች የመሰብሰቢያው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ ረጅም ወጣት ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሴቶቹ እየዞሩ ያዩታል፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይባባሉና ይሳሳቃሉ።

«ወንድሜ፣ የዛሬው ትምህርት የእናቶች ነው» አለችው።

«አውቃለሁ፣ አስተማሪ። እናቴ መምጣት ስለማትችል ነው እኔ የመጣሁት።»

ጤቤ የምትባል ከፊት የተቀመጠች ሴት «ወዚር ነው» አለች። «እናቱን የሚያስታምማት እሱ ብቻ ነው። እህቱ ርቃ አንገቱ ከተማ አግብታለች። እሱ ያላገባው ሚስት አጥቶ አይደለም፣ ጊዜ አጥቶ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወዚርም አብሮ ፈገግ አለ እንጂ አልተነሣም። ቀመር መጽሐፏን ገልጣ ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ምግብ ማንበብ ጀመረች። ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር። ወዚር እጁን አነሣ።

«እንቁላል የሌለው ሰውስ?»

«ዶሮ የለህም?»

«እዚህ ስንገባ አለቁ። ላሟም ነጥፋለች። ያለኝ ገብስ ነው። ጨውና ትንሽ ቅቤም አለ።»

ቀመር ገጹን ገለበጠች፣ ሌላም ገለበጠች። መጽሐፉ ስለ ገብስ አንድም ቃል አይልም። ሠላሳ ሴቶች የምትለውን እየጠበቁ ነበር።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ከትምህርት በኋላ መጥቼ ልይ።»

የወዚር እናት ሲምቦ ሰባት ወር ተኝተዋል። ከኮረብታው ቤታቸው በወረዱ በወሩ ነው ሕመሙ የጀመራቸው፤ የሚበሉት ሁሉ አይረጋላቸውም። ቀመር ገብታ እጃቸውን ስትስም «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» አሏት፣ ልጄ እንዴት ነሽ ለማለት፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃታቸው። ወዚር የሠራውን አጥሚት አሳያት። እንዲያጠነክራቸው ብሎ አወፍሮት ገንፎ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቅቤውም ላዩ ላይ ተኝቷል።

ቀመር በማንኪያ አነሣችና ቀስ ብላ መለሰችው። «በጣም ስለምትወዳቸው አወፈርክባቸው» አለች። «ሆዳቸው ይህን አይችልም። መጀመሪያ ውሃውን ብቻ እንስጣቸው።»

የተፈተገ ገብስ በብዙ ውሃ ቀቅለው አጠለሉት፤ ቁንጥር ጨው ጨመሩበት። ቀመር በየጥቂት ደቂቃው አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ እንዳይሰጣቸው አስጠነቀቀችው። ወዚር እስከ ማምሻው ድረስ ከአጠገባቸው አልተነሣም። በአራተኛው ቀን ሲምቦ የጠጡት ረጋላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቀመር ከትምህርቱ በኋላ በየቀኑ ትመጣለች። አንድ ቀን ገብሱን እሷ ቆላችው፤ ወዚር አይቶ ብረት ምጣዱን ከእሳቱ አነሣባት።

«ቀለሙ ሲለወጥ ካወረዱት አልፏል ማለት ነው፣ አስተማሪ» አለ። «ሽታው ሲለወጥ ነው ማውረድ። ጥቁር አጥሚት ይመርራል።»

እንድታሸተው አቀረበላት። እሷም ጎንበስ አለች። ግንባራቸው ሊነካካ ሲል ሁለቱም ቀና አሉ። ወዚር ወደ ምድጃው ዞሮ እንጨት አስተካከለ፤ እንጨቱ ግን መስተካከል የሚያስፈልገው አልነበረም።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ወደሚፈላው ውሃ እያማሰለ ማፍሰስ፣ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ ማብሰል፣ ከዚያ ማጥለል፤ ይህን ከእሱ ተማረች። ሲያወጡት ከሜዳው የለቀመውን ጦስኝ ጣል ያደርግበታል። በእሷ ተራ ጎባ ያለችው እናቷ ብርድ ሲበረታ የምታፈላውን ሆጃ አሳየችው፦ የቡና ገለባ በውሃ ይፈላል፣ ወተትና ጨው ይገባበታል። ወተቱን ጤቤ ሰጠቻቸው። እሱ የበሶ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ እያሸ ጩኮ ሠራላት። ከምድጃው ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው ይበላሉ። ውጭ ጉሙ በሩ ድረስ ይመጣል። ቀመር ጎባን የምታስብባቸው ሰዓቶች እየቀነሱ መሄዳቸውን ያወቀችው እዚያ ነው።

«አስተማሪ፣ ሲመሽ ምን ያደርጋሉ?» ሲል አንድ ቀን ጠየቃት።

«ቀመር በለኝ። እርስዎ ስትለኝ የሃምሳ ዓመት ሴት የሆንኩ ይመስለኛል።»

ወዚር ብዙ ካሰበ በኋላ «ቀመር» አለ። ቀጥሎም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ» አለ።

በኅዳር መጨረሻ ሲምቦ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወጡና ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቱ እየመጣ አልሐምዱሊላህ አላቸው። ቀመር በዚያው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቷ የሦስት ወር ሪፖርቷን ስትጽፍ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ከሰባት ወር በላይ ተኝተው የነበሩ ሲምቦ የተባሉ እናት፣ በአካባቢው በሚገኝ ገብስ በተዘጋጀ ምግብ ድነው ከቤት ወጥተዋል» ብላ ጻፈች። ልጃቸው ከተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዙ መሆኑንም ጨመረች።

በየካቲት ሊቀመንበሩ ረጋሳ ጽሕፈት ቤቱ አስጠራት።

«ጓድ ቀመር፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስምንት ሰው አምጣ ተብያለሁ። ሰባቱን ሞልቻለሁ» አላትና አንድ ወረቀት ገፋላት። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ሪፖርቷ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ከርሞ ተመልሶ መጥቷል። «ወዚርን በእናቱ ምክንያት አልፈነው ነበር። ከአልጋ አትነሣም፣ ሌላ ጧሪ የላትም ብለን ጻፍን። አሁን ታዲያ ይህ ምንድን ነው አሉኝ።»

ቀመር ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ተሳስቻለሁ ብዬ ልጻፍ» አለች።

«ማን ያምንሻል? መንደሩ ሁሉ ደጇ ተቀምጣ ሲያያት ነው የከረመው።» ረጋሳ ክፉ ሰው አልነበረም። የራሱ ልጅ ባለፈው ዙር ሄዶ ወሬው ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። «ቅዳሜ መኪና ይመጣል። ሽሽ ብትይው፣ በምትኩ የጤቤ ባል ነው የሚሄደው። የአምስት ልጆች አባት ነው። እኔ ሌላ ሰው የለኝም።»

ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ወዚር ቤት ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀመር የምትጠመዘዝበት አንድም ስፍራ አጣች። ወዚርን ዱቄት ሲነፋ አገኘችው።

«እኔ ነኝ ያስያዝኩህ» አለችና ወረቀቱን ሰጠችው።

እጁን ጠርጎ ተቀበላት። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «ድነው ከቤት ወጥተዋል» የሚለው ላይ ሲደርስ ደገመው።

«ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል።»

«አትቀልድብኝ፣ ወዚር።»

«አልቀለድኩም። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ የሚለኝ ሰው ስፈልግ ነበር።» ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። «ውሸት ነው እንድትይ አልፈልግም። ተነሥታለች፤ እውነት ነው።»

«ብትሸሽ የሚሄደው የጤቤ ባል ነው ተብያለሁ። ትሸሻለህ?»

«ወዴት? ልሂድ ብል እንኳ ነገ የጤቤን ልጆች በምን ዓይኔ አያለሁ?» ወንፊቱን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ዝውውርሽ መጥቷል አሉ። ሂጂ። እህቴን ከአንገቱ አስጠራለሁ።»

«እህትህ አራስ ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። ድምፁ ሲሰበር ስትሰማው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቀመር ወንፊቱን ወሰደችና ከቆመበት ቀጠለች።

«እኔ አለሁ» አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስምንቱ ወጣቶች መኪናው ላይ ወጡ። ወዚር የእናቱን ጉልበት ስሞ ሲነሣ ቀመር አጥሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«አትጠብቂኝ ልልሽ ነበር ያሰብኩት» አላት።

«ታዲያ በለኝ።»

«አልወጣ አለኝ።»

ቀመር ዝውውሩን እንደማትፈልግ ጽፋ፣ ዕቃዋን ይዛ ሲምቦ ቤት ገባች። አባቷ ይህን ሰምተው ከጎባ መጡ። ኒካ ሳይታሰር፣ ቃል እንኳ ሳይሰጥ፣ በሰው ቤት የምትቀመጠው ምን ተብላ እንደሆነ ጠየቋት። እሷ ሻይ ቀዳችላቸው። አባቷ ሻይ ሳይቀምሱ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህም ደብዳቤ ብትጽፍላቸው አልመለሱላትም።

ከወዚር በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። ሲምቦ «እኔ ባልነሣ ኖሮ ልጄ እዚህ ነበር» ማለት አመጡ። አንድ ሳምንት ምግብ እምቢ አሉ።

«አዮ፣ እሱ የሄደው የዳነች እናት አለችኝ ብሎ ነው» አለቻቸው ቀመር፣ ልጃቸው እናቴ ሲል በሚጠራቸው ቃል። «ይህንንም ከእጁ ሊወስዱበት ነው?»

ሲምቦ ሳህኑን ተቀበሉ። በክረምቱ ብርድ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ስለ ወዚር ልጅነት ታወራለች፣ ሌላዋ ትሰማለች። ሲምቦ በሐምሌ 1982፣ አርብ ጠዋት፣ በእንቅልፋቸው ዐረፉ። መንደሩ ቀበራቸው። ሁለተኛው የዝውውር ደብዳቤ በዚያው ወር መጣ፤ ቀመር ግን ከቤቱ አልወጣችም። ጤቤ «አሁን ምን ያዘሽ?» ብትላትም ቤቱን መጥረግና እሳት ማንደድ አላቋረጠችም።

መንግሥት በግንቦት ወደቀ። ሰው ሁሉ ያን ቀጥ ያለ መስመር እያፈረሰ፣ እንጨቱን እየተሸከመ ወደየኮረብታው ተመለሰ። መስከረም 1984 ሲገባ ከመቶ ሰማንያው ቤት የቀረው ሃያ አይሞላም።

አንድ ረፋድ ቀመር ጎመን ስትቆርጥ፣ ከባዶዎቹ መሬቶች መሐል አንድ የከሳ ሰው ቆሞ ግራ ቀኝ ሲያይ አየች። ቤቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቶታል። አካሄዱን ሳይሆን አቋቋሙን ነው የለየችው። ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሣች።

እሱም አያት። ቀርቦ ፊቷ ቆመ፤ ቀጥሎ ዓይኑ በትከሻዋ በኩል አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

«አዮ የለችም» አለች ቀመር። «አርብ ጠዋት ነበር። ተኝታ ሳለች። አልተሰቃየችም።»

ወዚር ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«መቼ ነው?» አለ።

«ዓመት ከሁለት ወር ሆናት።»

አሰላው፤ ከዚያ ዞሮ አያት። «ታዲያ አንቺ እስካሁን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ሁሉ ሄዷል።»

«ስትመጣ ቤቱን ዝግ እንዳታገኘው ብዬ ነው።»

ወዚር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀመር አላባበለችውም፤ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ አልቅሶ እስኪበቃው ጠበቀች።

በሦስተኛው ሳምንት ጎባ ላይ ኒካቸው ታሰረ። አባቷ መጀመሪያ ሊመጡ አልፈለጉም ነበር፤ በመጨረሻ መጥተው ዳር ተቀመጡ። ሰው ተበትኖ ጥቂት ሲቀር ወደ ወዚር ጠጋ አሉ።

«ልጄ ግትር ናት» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለ ወዚር። «እኔ ጦር ሜዳ ሆኜ ከዚህ ግትርነቷ ሌላ የምተማመንበት ነገር አልነበረኝም።»