ማን አለበሰው?

ዘብዲቦል ሊጠመቅ አንድ ቀን ሲቀረው ማጥመቂያው ውሃ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ወገቡን በመቀነት ታጥቆ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱ ላይ ቡጢ የሚያህል እብጠት አለ።

በኤፍራጥስ ዳር ባለችው በዚያች ከተማ ዘብዲቦልን የማያውቅ አልነበረም። የዘመኑ ሕግ በክርስትና ተወልዶ ያደገውን ይተወዋል፤ አዲስ የተጠመቀውን ያስራል። ዘብዲቦልም አዲሶቹን ከየጓዳው እየጎተተ ለዳኛ ሲያቀርብ አራት ዓመት ኖሯል። ባለፈው ክረምት «እኔም አምኛለሁ» ሲል ዘመዶቹ አበደ አሉ፤ ክርስቲያኖቹም ወጥመድ መስሏቸው በራቸውን ዘጉበት። የከፈተለት ዲያቆን ሐይራን ብቻ ነው። የሐይራንን ልጅ አዲስ አማኝ ደብቀሃል ብሎ በዱላ ያስገደለው ደግሞ ይኸው ዘብዲቦል ነበር። እንግዲህ ከተማው ገዳይ ፍለጋ አልደከመም፤ ረፋዱ ላይ ሽማግሌው ሐይራን በሰንሰለት ታስሯል። በማግስቱ ጧት ሊሰየፍ ነው።

መርማሪው ያርሃይ ሲደርስ አስከሬኑ ማጥመቂያው ባለበት ቤት ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። የሟች ሚስት አምታ ተንበርክካ እርጥቡን ልብስ በጣቶቿ ያዝ አድርጋ ነበር።

«ማን አለበሰው?» አለች።

ያርሃይ ግራ ገባው። ማን ገደለው ትላለች ብሎ ነበር የጠበቀው። ነገሩን በሆዱ ይዞ ወደ ማጥመቂያው ክፍል ገባ።

ከውሃው በላይ ያለውን ዝቅተኛ ቅስት ለበዓሉ ትናንት ቀትር ላይ ኖራ ቀብተውታል። ያርሃይ ጎንበስ ሳይል ቀርቶ ግንባሩን ተመታ፤ ፀጉሩም ነጭ ሆነ። እየተራገመ ዙሪያውን ቃኘ። በምዕራብ በኩል መውረጃ ደረጃ፣ ከአጠገቡ የልብስ መስቀያ። በምሥራቅ መውጫ ደረጃ፣ ከሱ ቀጥሎ ቅርጫት። በቅርጫቱ ውስጥ ሁለት ነጭ ልብሶች ታጥፈዋል፤ የሚጠመቁት ሦስት ናቸው ተብሏል። ረጅም ጊዜ ቆሞ ቅርጫቱን አየ፤ ከዚያ ወደ እስር ቤት ሄደ።

«አባቴ፣ ሰውየው ትናንት ማታ እዚያ ምን ይሠራ ነበር?»

«ይጾም ነበር። ብቻዬን ልጸልይ አለኝ፤ ትቼው ወጣሁ።»

«ወደ ውሃው እንዴት ነው የምትገቡት? ምን ለብሳችሁ?»

«ይህ ላልተጠመቀ አይነገርም።»

«ነገ አንገትዎ ይቆረጣል።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ያርሃይ በንዴት ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ከሞት ሊያተርፈው የፈለገው ሰው የማያግዘው ሥራ ገጥሞት አያውቅም።

የሟች ወንድም ማቃይ የከተማው አምላክ የቤል ካህን ነው። ቀዩን ረጅም ቆቡን እንደደፋ መሠዊያው ፊት ቆሟል።

«ከቦታ ቦታ ምን ያዞርሃል? ገዳዩን አስረኸው የለም እንዴ?» አለው።

«እዚያ ቤት ሄደህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ዛሬም ሬሳውን ወደዚህ አምጡልኝ ብያለሁ።»

ይህን ብሎ ለቤል ጎንበስ አለ። የቆቡ አናት ላይ ነጭ ጭረት ነበር።

ማምሻውን ዳኛው ሁሉንም ሰበሰበ። ሐይራን በሰንሰለቱ፣ አምታ በሐዘን ልብሷ፣ ማቃይ በቆቡ።

«ቆብህን አውልቀህ አናቱን እየው» አለ ያርሃይ። «ማጥመቂያው ቅስት ላይ ያለው ኖራ ነው። እኔንም ቀብቶኛል።»

ማቃይ አየና ሳቀ። «ከተማው ሁሉ ኖራ ነው። ይልቅ ልብሱን ንገረን። ነጭ አልብሰው እንደሚነክሩ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እያጠመቀ አሰጠመው፤ አለቀ።»

«ስህተትህ እሱ ነው። ነጩ ልብስ ያለው በመውጫው በኩል ነው፤ ከውሃው የወጣ ሰው ይለብሰዋል። ወራጁ ሁሉን አውልቆ ነው የሚገባው። ሐይራን እያጠመቀ ቢገድለው ራቁቱን በተገኘ። ይህን የማያውቅ ሰው ነው አልብሶ የጣለው።»

«ከቅርጫት ነው ያነበብከው?» አለ ዳኛው። «እንዲህ እንደሚያደርጉ ማን ይመሰክራል?»

ያርሃይ ወደ ሐይራን ዞረ። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ከግድግዳው ሥር ከቆሙት ክርስቲያኖች አንድ እንኳ አልተነፈሰም። ያርሃይ ሁሉንም ጠላቸው።

«ራቁታችንን ነው የምንገባው» አለች አምታ። «ቀለበት እንኳ አይቀርም። ነጩን የምንለብሰው ስንወጣ ነው።»

ያን ጊዜ ማቃይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰባት ትውልድ ካህን የሆነ ቤት ነው» አለ። «ከሚያዋርደን ውሃ ይብላው ብዬ ነው።»

ወታደሮቹ ያዙት። የሐይራን ሰንሰለት ተፈታ። ዳኛው ግን ዓይኑን ከአምታ አላነሳም።

«አንቺስ በምን አወቅሽ?»

ያርሃይ «ማን አለበሰው?» ያለችው አሁን ገባው። ፈጥኖ «ባሏ ነግሯት ይሆናል» አለ።

«ባሌ አልተጠመቀም፤ አያውቅም ነበር» አለች። «እኔ ግን እሱ ሌሎቹን እያሳደደ ሳለ ተጠምቄያለሁ። ሁለት ዓመት ከጎኑ ተኝቼ ደበቅኩት። ዛሬ ለማን ብዬ እደብቃለሁ?»

ወታደሩ ከሐይራን እጅ የፈታውን ሰንሰለት ይዞ ወደ እሷ ሄደ። ብረቱ ገና ሙቅ ነበር።