ከተዘጋው በር ፊት

«ቁርስ!» አለች። ሁለት እጆቿ ትሪ ስለያዙ በሩን ያንኳኳችው በጫማዋ ጫፍ ነው። መልስ የለም። «ይቀዘቅዛል እኮ!» አሁንም ዝም።

ከበሩ ወዲያ ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ከተመለሰ ወዲህ ክፍሉን ቆልፎ ተቀምጧል፤ ብቅ የሚለው ቤቱ ጭር ሲል ብቻ ነው። በልጅነቷ አንድ ቦታ አልረጋ ብትለው «ቁንጫ» የሚል ስም ያወጣላት ያ ሳቂታ ልጅ የት እንደገባ ግራ ገብቷታል። አባቷ ሐኪም ሲያማክር «ይዛችሁት ኑ» ተባለ፤ ወንድሟ ግን በጄ አላለም። ወላጆቿ ሌላ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው በየፊናቸው የሚችሉትን ትንሽ ነገር ማድረግ ያዙ። እናቷ ወደ ፀጉር ቤቷ ከመሄዷ በፊት ልብሱን አጥባ አጣጥፋ ደጃፉ ላይ ታኖርለታለች። አባቷ ከብየዳ ሥራው ሲመለስ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አጭር ጸሎት ያደርሳል፤ «ደህና እደር ልጄ» ይልና ይነሳል። ቁርሱ የእሷ ድርሻ ነው።

የዛሬው ትሪ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የትናንቱ እንዳለ ተቀምጧል። ዳቦው አልተነካም። ለሂሳብ ፈተና ረፍዶባታል፤ ሂሳብ ደግሞ ድሮ የሚያስረዳት እሱ ነበር። ደሟ ፈላ።

«እስቲ አንደኛህን ጥፋና እንረፈው!» ብላ ጮኸች።

ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ትሪውን ከትናንቱ ጎን አስቀመጠች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ፈተናው ላይ ቁጥሮቹ ዓይኗ ፊት ተተራመሱ። ጠዋት ያለችውን ለጓደኛዋ ስትነግራት፣ «አቦ አታካብጂ! እኔ ወንድሜን በቀን ስንቴ ነው የምረግመው» አለቻት።

«ያንቺ ይመልስልሻል።»



ቤት ስትደርስ ሁለቱም ትሪዎች እንዳሉ ናቸው። አንኳኳች። ደበደበች። «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ! ቁንጫ ነኝ!» ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች፤ ምንም። አባቷ ጋ ደወለች። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ እያለከለከ ደረሰ።

«ልጄ» አለ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ፣ በረጋ ድምፅ። «ማውራት ካቃተህ አታውራ። መኖርህን ብቻ አሳውቀኝ። አንዴ አንኳኳልኝ።»

ጠበቁ።

ቆይቶ፣ ከወዲያ በኩል፣ ኳ አለ።

አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። እሷ እያለቀሰች ጠዋት ያለችውን ነገረችው። አልተቆጣትም።

«አንድ ቀን ይህን በር ልሰብር መዶሻ ይዤ ተነስቼ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናትሽ ናት የያዘችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እዚህ መቀመጥ ጀመርኩ። ስጸልይ ይበርድልኛል። በነጋታው ደግሞ ንዴቱ ይመለሳል፤ እንደገና እቀመጣለሁ።»

«እሱስ አባዬ? ይሻለዋል?»

«እንጃ ልጄ።» ፊቱን በእጀታው ጠረገ፤ ጥላሸቱ ጉንጩ ላይ ተሰመረ። «አሁን ሄጄ ሐኪሙን እቤት ድረስ እንዲመጣ እለምነዋለሁ። ቢመጣም ይህ ልጅ ይከፍትለት እንደሆነ አላውቅም። ብቻውን እንዳይሆን አንቺ እዚሁ ሁኚልኝ።»

አባቷ ወጣ። እሷ በሩ ፊት ቆማ ቀረች። ወንድሟን ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ጠዋት እንዲያ የተንጣጣው አፏ አሁን አልከፈት አላት። ስልኳ ጮኸ፤ ጓደኛዋ ናት፣ የሠፈር ልጆቹ ጋ ነይ ልትላት ነው። ዘጋችው።

አባቷ የተነሳበት ቦታ ላይ ቁጭ አለች። ወለሉ ይቀዘቅዛል።

«የጠዋቱን ከልቤ አላልኩትም» አለች ለእንጨቱ። «ከልቤ ቢሆንም... አሁን አይደለም። ይቅርታ።»

መልስ አልመጣም። ይመጣል ብላም አልጠበቀችም። ዓይኗን ጨፍና አባቷ የሚለውን ጸሎት ጀመረች። በየምሽቱ ስለምትሰማው የምታውቀው ይመስላት ነበር፤ መሃል ላይ ስትደርስ ግን ቃሉ ጠፋባት። 

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረች።