ከአንበሳው ቤት ጓሮ የተሰማው ድምፅ

የአንበሳው ጠባቂ ሽማግሌ ከአንበሳው ቤት ጓሮ፣ ሥጋ በሚከተፍበት ክፍል፣ ገና ታጥቦ ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። የጠረጴዛው ብረት ማጅራታቸውን መትቷቸዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ዓይናቸውን ከደነችላቸው፤ በልቧም «ነፍስ ይማር» አለች።

«የሚነገረው ቤተሰብ አላቸው?»

«ማንም የላቸውም» አለ የአራዊት ማቆያው ሥራ አስኪያጅ።

አንድ ቀን ስለ እሷም እንዲሁ የሚባል መሰላት።

«ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? መምህሯ ናት!» ቀጠለ። «አባባ ላይ ስትጮህ ሰምቻለሁ፤ ኋላም ወደ ጓሮ ስትገባ አይቻታለሁ።»

ተማሪዎቿን ለጉብኝት ያመጣችው የአንደኛ ክፍል መምህር በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች።

«ልጆቹን ፍርግርጉ ድረስ ሲያስጠጉብኝ ‹አባባ፣ ተዉ እንጂ!› ብዬ ጮኬባቸዋለሁ፤ አልክድም። ጓሮ የገባሁት ግን አንዷ ልጅ ጠፍታብኝ ነው። አሁን እኔ ብታሰር እነዚህን ሕፃናት ማን ለእናቶቻቸው ይመልሳቸዋል?»

የጅቦቹ ጠባቂ፣ እሳቸውም ሽማግሌ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እሱና እኔ? አንድ ላይ ነው የተቀጠርነው። ከተኳረፍን ግን ስንት ዘመናችን! ቃል አንለዋወጥም። ዛሬም ከዚህ አልተነሳሁም።»

«ልጆቹ መጥተው ነበር?»

«አፍንጫቸውን ይዘው እየሮጡ አለፉ። ሁሌም እንደዚያው ነው።»

ጠፍታ የነበረችው ልጅ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። መርማሪዋ ተንበርክካ የጫማዋን ማሰሪያ እያሰረችላት «ጓሮ ምን ሰማሽ፣ የኔ እናት?» አለቻት።

«አንበሳውን ሲቀሰቅሱት።»

«ማን?»

«እንጃ፤ በሹክሹክታ ነው። ‹ተነስ፣ ተነስ በቃ፣ ይብቃን› አለው። አንበሳው ግን እምቢ አለ።»

መርማሪዋ ሁሉንም አንበሳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«መምህር፣ ልጅቷ ስትጠፋ አንበሳው የት ነበር?»

«እዚሁ ፊታችን ቆሞ ሲያገሳ! ልጆቹ ሁሉ ጆሯቸውን ይዘው ነበር።»

«እንግዲያው ጓሮ ‹ተነስ› የተባለው አንበሳው አይደለም፤ ሟች ናቸው። ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚያመልጠው የለመደው ነው። ‹አባባ› የሚሏቸው ሥራ አስኪያጁና መምህሯ ቢሆኑ ‹ተነሱ› ይሉ ነበር። በዚህ ግቢ ሟችን ‹እሱ› ሲል የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ‹ይብቃን› የሚለውም የተኳረፈ ሰው ነው።»

ፖሊሶቹ መምህሯን ለቀቋት። እየሮጠች ሄዳ ልጆቿን ሰበሰበች።

የጅቦቹ ጠባቂ ሊሸሹም ሊክዱም አልሞከሩም።

«ልጆቹን እኔም ጋ ይዘህልኝ ና ልለው ነው የሄድኩት» አሉ። «ገና ሲያየኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻውን ይዤ ሳዞረው እግሩ አዳለጠው… ተነስ አልኩት፣ ደጋግሜ። ዝም አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠሩም?» አለቻቸው መርማሪዋ በዝግታ።

«ኩርፊያው መስሎኝ።»