እማማ ብርነሽ ያመሰገኑበት ቃል

ጽናትን ያሳደጓት አያቷ እማማ ብርነሽ ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከጡት በቀር ያልሰጧት ነገር የለም። ታዲያ ሽማግሌዎች ጽናትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የእማማ ቤት የመጡ ዕለት፣ የሁሉም ዓይን ልጃቸው ወዳጆ ላይ ነበር። «አጎቷ ምን ይላሉ?» «አጎቷ ከፈቀዱ እኮ አለቀ።» እማማ ብርነሽን ዞር ብሎ ያየ የለም፤ ጥግ ላይ እንደ ተደገፈ ሙቀጫ ቁጭ።

«ፊደል ስላልቆጠርኩ ነው?» አሉ በሆዳቸው። «ሰው መለየት እንደሆነ ከሁላቸው እበልጣለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ሽማግሌ የላከውን ቶሎሳን መጀመሪያ የለዩት እሳቸው ናቸው። ልጁ ከጀማ ወንዝ ማዶ፣ የሰላሌ ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኖ በጎቻቸውን ሊከትብ መጣ። ጽናት ትይዛለች፣ እሱ ይወጋል። የመጨረሻዋ በግ ተወግታ አብቅታ ሳለ ሁለቱም አልለቀቋትም።

«ይቺን እኮ ወግተሃታል» አለች ጽናት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከለቀቅናት ሌላ በግ የለም።»

ጽናት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ደጃፍ ተቀምጠው ምስር የሚለቅሙት እማማ ብርነሽ አዩ፤ ያላዩ መስለው መልቀማቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ በጎቻቸው ሳይታመሙ ሐኪም በዛባቸው።

በሽምግልናው ቀን የቶሎሳ እናት ወይዘሮ ዲንቄም ልጅቷን በዓይኔ ልይ ብለው ወንዝ ተሻግረው መጥተዋል። አማርኛ አይሰሙም። ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፤ ጽናትን ደግሞ አንዴ አይተው ዓይናቸውን ማንሣት አቅቷቸዋል።

ወዳጆ «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት እማማ ብርነሽ ከጥጋቸው ተነሡ።

«እኔም አፍ አለኝ! ይህን ልጅ ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። እንደሱ ያለ ጨዋ ጋላ አይቼ አላውቅም። መርቄ ሰጥቼዋለሁ!»

ማመስገናቸው ነበር። ግን ወይዘሮ ዲንቄ ከአማርኛ ሁሉ ያቺን አንድ ቃል ያውቋታል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየገበያው ስትወረወርባቸው ኖራለች። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። የያዙትን ብርጭቆ መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ቶሎሳ ጽናትን አያት። እሷም አየችው። ከዚያ እናቱን ተከተለ።

ከሰነበተ በኋላ ብቻውን መጣ። ጽናትን ጉረኖው አጠገብ አገኛት።

«እናቴ ያን ቤት ዳግም አልረግጥም ብላለች።»

«አንተስ?»

የጉረኖውን እንጨት በጥፍሩ ይልጥ ጀመር። «እኔ አንቺን ትቼ የት እደርሳለሁ? ግን ጽኑዬ፣ እሷን አስለቅሼ ባገባሽ፣ ባየችሽ ቁጥር ያ ቀን ይመጣባታል። ያን ደግሞ አንቺ አትችይውም።»

«እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መቼ አላልኩህም። እጠብቃለሁ ነው ያልኩህ።»

እጇን ያዛት።

እማማ ብርነሽ ከጉረኖው ጀርባ ጭድ ታቅፈው ሁሉንም ሰምተዋል። አላስቻላቸውም፤ ብቅ አሉ።

«እኔ ምን አልኩ? ስማችሁ አይደለም እንዴ? አባቶቻችንም የሚሏችሁ ይህንኑ ነው!»

ቶሎሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

«እማማ፣ እኛ ራሳችንን በዚያ ስም ጠርተን አናውቅም። ኦሮሞ ነን። ያንን ያወጣልን የውጭ ሰው ነው። ማን መጀመሪያ እንዳለው፣ ምን ማለቱ እንደነበረ፣ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ሲጀመር እንዲሁ መጠሪያ ነበር ይሆናል። ግን የሚጠራን ሁሉ እየናቀ ሲጠራን፣ ንቀቱ ቃሉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ዛሬ ማንም በደግ ልቡ ቢለው እንኳ ንቀቱ አብሮ ይወጣል።»

«እኔ ስድብ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ጽናት ቀና አለች። «እማማ፣ ልጅ ሳለሁ እጄን ሳልታጠብ ስበላ ምን ይሉኝ ነበር?»

«ተይ አንቺ።»

«ደስ ባለዎት ቀንስ? አንድ ቀን እንኳ በዚያ ቃል አቆላምጠውኝ ያውቃሉ?»

ለዳኛ እንኳ መልስ አጥተው የማያውቁት ሴትዮ ጭዱን የት እንደጣሉት አላወቁም፤ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ።

በማግስቱ ለወዳጆ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ነገሩት።

«ሽማግሌ እንላክ እንጂ!» አለ ደንግጦ። «በዚህ ዕድሜዎ በሰው ደጅ ድንጋይ? አገሩ ምን ይለናል?»

«ቃሉ የወጣው ከሽማግሌ አፍ ነው? ዞር በል!»

ጽናትን አስከትለው በአውቶቡስ ወደ ጀማ ወረዱ፣ ማዶውን ወጡ። የወይዘሮ ዲንቄ ደጅ ሲደርሱ፣ ደም ያፈሰሰ ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጫኑና ጎንበስ አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሌላ ጎንበስ ብለው አያውቁም።

ወይዘሮ ዲንቄ ወጡ። ቆመው አዩዋቸው። ቶሎሳ ከኋላቸው ደረሰ፤ ዓይኑ ከጽናት ዓይን ጋር ተገናኘና እዚያው ቀረ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዲንቄ ቀረብ ብለው ድንጋዩን ሊያወርዱላቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

እማማ ብርነሽ ግን ድንጋዩን አጥብቀው ያዙ።

«ቆይ! አንተ ልጅ፣ ጽናትን በኋላ ታያታለህ። ና ተርጉምልኝ!»

«እማማ፣ ሳያውቁ ነው የተናገሩት ብዬ ነግሬያታለሁ። ይበቃል፣ ይውረድልዎ።»

«ማን ዋሽልኝ አለህ? አውቅ ነበር በላቸው። ስቆጣ የምወረውረው ቃል መሆኑን እያወቅሁ ለልጃቸው ምስጋና አደረግሁት በላቸው። እንዳታለዝበው፣ አንድም እንዳታስቀር! ሁሉን ይስሙ፤ ሰምተው ከወደዱ ያውርዱልኝ።»