ሸራው ሲነሳ

«እሺ፣ አውሮፕላኖቹ ሃምሳ ዓመት ረጭተው ድንገት ቢያቆሙስ?» አለ ዘከርያ ከተቃራኒው ቡድን ጣቱን ወደ ሩቂያ ቀስሮ።

የክርክሩ ርዕስ፣ ምድርን ለማቀዝቀዝ ሰማይ ላይ ፀሐይን የሚጋርድ ብናኝ ይረጭ ወይስ አይረጭ የሚል ነበር። ሩቂያና ኤልቤቴል «ይረጭ» ባዮች ናቸው።

«ምንም አይሆንም» አለች ሩቂያ ሳትደናገጥ። «ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጓደኛዬ ታስረዳለች።» ማይኩን ለኤልቤቴል አቀበለቻት።

ሐሰት ነው። ትናንት ኢንተርኔት ቤት ሆነው ሁለቱም አንብበውታል፤ ርጭቱ ከቆመ፣ ተጋርዶ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከምሮ ይመጣል። «አቦ ዝለያት፣ ማን ይጠይቃል!» ብላ ነበር ሩቂያ።

ያሸነፈ ሐዋሳ ይሄዳል። ከሐዋሳ መልስ የሩቂያ ቤተሰቦች ዲላን ለቀው አዲስ አበባ ይገባሉ። አብረው የሚሄዱት የመጨረሻ መንገድ ይህ ነው።

ኤልቤቴል ማይኩን ተቀበለች። የቡና መንደሯ ኮንጋ ትዝ አለቻት። ልጆች ሳሉ፣ በቡና መልቀሚያ ወራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩቂያ አባት አይሱዙ ጋቢና ተጣበው ቡና ማጠቢያው ድረስ ይሄዱ ነበር። የታጠበው ቡና ከተሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች ሥር ሲሳቡ፣ ውሃው አንገቷ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ሩቂያ ትጮሃለች። ቀትር ላይ ፀሐዩ እንዳይሰነጥቀው ቡናው ሸራ ይለብሳል። አንድ ቀን ድንኳን መሥራት አማራቸውና ሸራውን ገፈፉት። የቡናው ስስ ቅርፊት በፀሐዩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲሰነጠቅ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙት። እንዴት ሳቁ! እስከዚያች ቀን ድረስ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። በኋላ ግን የሩቂያ አባት ቆባቸውን አውልቀው የተበላሸውን ቡና ባለቤት ሲለማመጡ፣ ሁለቱም መኪናው ሥር ተደብቀው አለቀሱ።

«ኤልቤ፣ በይ እንጂ» አለች ሩቂያ በሹክሹክታ። «ሐዋሳን አስቢ!»

«ቀስ ብሎ አይመለስም» አለች ኤልቤቴል።

«ኧረ በራሷ ላይ ጎል አገባች!» ብሎ አንዱ ከኋላ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው መምህር ሰብስቤ ጠረጴዛውን መቱ። ሩቂያ አቀርቅራ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር።

ኤልቤቴል ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ጀርባዋን ለዳኞቹ ሰጥታ፣ ወደ ሩቂያ ዞራ፣ የኮንጋውን ሸራ ታሪክ ከአይሱዙው ጋቢና ጀመረችላት።